ተወጥሮ ያደረ ላስቲክ

ተማሪዎቹ «ካሴት» ይሉታል። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ማለፍ ከለመደ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስሙ ግን ያለ ምክንያት አልወጣም። የፊዚክስ መምህሩ በ«ሀ» ክፍል የተናገራትን እያንዳንዷን ቃል በ«ለ» ክፍል ይደግማታል፤ በ«ለ» የደገማትን በ«ሐ» ይሠልሳታል። ሳሉ እንኳ የሚመጣው እዚያው ቦታ ላይ ነው እያሉ ያሙታል። ስለ እምቅ ጉልበት ሲያስተምር የምትመጣ አንዲት ቀልድ አለችው፦ «እናንተ ጠዋት ስትመጡ እምቅ ጉልበት አላችሁ፤ ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ግን የሚቀራችሁ እምቅ እንቅልፍ ብቻ ነው።» የ«ሀ» ልጆች ይህችን ቀልድ በእረፍት ሰዓት ለ«ለ» ልጆች ስለሚያቀብሏቸው፣ እነዚህኞቹ ገና «ስድስተኛ» ሲል ይስቃሉ። እሱ ታዲያ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ ቀልዱን እስከ መጨረሻው ይናገራል። መዝለል አይችልም። አንዲት ቃል ከዘለለ የቀሩት ክሩ እንደተበጠሰ ዶቃ ይበተኑበታል።

ይህ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ ከፍርሃት ነው። ገና በወጣትነቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል የገባ ዕለት፣ «እንደምን አደራችሁ» አለ፤ ልጆቹም ተነሥተው መለሱለት። ከዚያ በኋላ የሚለው ጠፋው። ያጠናው ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ አለ፤ ምላሱ ላይ ግን አንድም የለም። ዞሮ ሰሌዳ ማጽዳት ጀመረ። ሰሌዳው ንጹሕ ነበር። ንጹሑን ሰሌዳ ከጥግ እስከ ጥግ ሲያጸዳ፣ ከኋላው መጀመሪያ ዝምታ፣ ቀጥሎ ሹክሹክታ፣ ቀጥሎ ሳቅ እየሰማ ደወሉ ተደወለ።

ያን ዕለት ማታ እራት አልበላ አለ። ሚስቱ፣ ያኔ ገና አዲስ ሙሽራ፣ አውጣጥታ ነገሩን ሰማችው። ከዚያ ወንበር ስባ ከቁም ሳጥኑ ፊት ለፊት ተቀመጠችና እጆቿን እንደ ተማሪ ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ «በል ለእኔ አስተምረኝ» አለችው። «ነገ ክፍል ስትገባ ሁሉም እኔ ነኝ ብለህ አስብ።»

አስተማራት። በማግስቱ ቃላቱ ከምላሱ አልራቁም። ከዚያን ቀን ወዲህ ለእሷ ያላስተማረውን ነገር ክፍል ውስጥ ተናግሮ አያውቅም።

ሚስቱ ልብስ ማጠቢያ ቤት ተኳሽ ናት። ቀኑን ሙሉ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ውላ፣ እግሯ አብጦ ትመጣና ጫማዋን አውልቃ እዚያችው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የቁም ሳጥኑ በር ሰሌዳ ነው፤ በጠመኔ ብዛት መልኩ ከቡናማ ወደ አመድማ ዞሯል። ጥያቄ የምትጠይቅበት ቦታ አላት፤ እሱ ነው የወሰነላት። «እዚህ ላይ እጅሽን አውጪና ‹ለምን?› በዪኝ» ይላታል። ታወጣለች። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፤ አሁን ግን ከመወጣጫ እስከ መነጽር፣ ከፑሊ እስከ ባትሪ የማታውቀው የለም። የሥራ ጓደኞቿ «ፕሮፌሰሯ» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም ትስቃለች፤ ቀልዱ ግን ደስ ሳይላት አይቀርም።

እንግዲህ ሕይወታቸው እንዲህ ስትሄድ ኖራ፣ በዚህ ዓመት ትምህርት ቤቱ አዲስ ምክትል ርእሰ መምህርት መጣችለት። ምክትሏ አንድ ቀን አስጠራችው።

«ይቀመጡ መምህር።»

«ግድ የለም፣ ቆሜ እሰማለሁ።»

«ኧረ ይቀመጡ፤ እኔ ነኝ እኮ።»

አዎ፣ እሷ ናት። በመስኮቱ በኩል ትቀመጥ የነበረች፣ ጥፍሯን የምትበላ ልጅ ነበረች። እሱ ያስተማራት መሆኑን ያውቃል፤ ሆኖም ከፍርሃቱ የተነሣ «አንቺ» ማለት አልሆነለትም።

«ምን አጠፋሁ? ይንገሩኝ» አላት።

አንቱታው ስለከበዳት ጠረጴዛዋን እያየች ተናገረች። «አላጠፉም። ግን ልጆቹ የእርስዎን ትምህርት እቤታቸው ተኝተውም ያውቁታል። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ፣ እርስዎ ሲናገሩ ከንፈሬን አብሬ አንቀሳቅስ ነበር።»

«ስህተት ነበረው እንዴ?»

«ምኑ?»

«ትምህርቱ።»

«አልነበረውም። ችግሩም እሱ ነው፤ ምንም ነገር ሆኖበት አያውቅም።» ቀና አለች። «ዘንድሮ ትምህርቱ በተግባር መታየት አለበት ተብሏል። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ጉልበት ሲያስተምሩ ትንሽ መወንጨፊያ ሠርተው ይግቡ፤ ሥዕሉ መጽሐፉ ላይ አለ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ አያለሁ።»

«ካልተሳካስ?»

«ንብረት ክፍል ሰው ጎድሎናል፤ ለጊዜው እዚያ ያግዙናል።»

ንብረት ክፍል ከደረጃው ሥር ነው። መስኮቱ ከጣሪያው ጋር የተጣበቀ አንዲት ቀዳዳ ናት። እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች፣ ጥርሱ የወላለቀ ፒያኖ፣ የተቀደዱ ካርታዎች እርስ በርስ ተደጋግፈው ቆመዋል። ከዓመታት በፊት አንድ የጂኦግራፊ መምህር «ለጊዜው» ተብሎ እዚያ ገባና ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ቀረ። በስተመጨረሻ ለወንበሮቹ ስለ ውቅያኖስ ሲያስረዳ ሰምተነዋል የሚሉ አሉ። የሰው ወሬ ይሁን እውነት አይታወቅም፤ ካሴት ግን በደረጃው ባለፈ ቁጥር ጆሮውን ሳይጥል አያልፍም ነበር።

ማታ ለሚስቱ ነገራት። ጫማዋን እያወለቀች ነበር፤ አንዱን አውልቃ ሌላውን ረሳችው።

«ንብረት ክፍል ከገባሁ ማታ ማታ ምን ላስተምርሽ ነው?» አላት። «የወንበር ቆጠራ?»

ሌላኛውን ጫማ አወለቀችና፣ «መወንጨፊያው ምን ምን ያስፈልገዋል?» አለች።

የሚያስፈልገው ብዙ አልነበረም፤ ፍርሃቱ ግን አበዛው። ከተሰበረ መደርደሪያ የተረፈ ጣውላ ላይ ሁለት አጫጭር እንጨቶች አቆመ። በመካከላቸው ረጅም ምስማር አሻግሮ፣ ምስማሩ ላይ አንድ የእንጨት ማንኪያ ሰካ። ከፊት አንድ አግዳሚ መታ። ከብስክሌት ጠጋኝ ከለመነው አሮጌ የውስጥ ጎማ፣ ከካላማዳሪያ፣ አንድ ቀጭን ላስቲክ ቆረጠና የማንኪያውን ወገብ ከአግዳሚው ጋር አሰረበት። ነገሩ ቀላል ነው። ማንኪያውን ወደ ኋላ ስትስበው ላስቲኩ ይለጠጣል፤ ስትለቀው ላስቲኩ ይሰበሰብና ማንኪያው ተወርውሮ አግዳሚው ላይ ይቆማል። ማንኪያው ውስጥ ያለው ግን አይቆምም፤ መንገዱን ይቀጥላል።

«ማንኪያዬን አየኸው?» አለች ሚስቱ ከምድጃው አጠገብ።

«ለሳይንስ ሄዷል።»

«ሾርባውን በጣቴ ላማስለው?»

«በሹካ አማስዪው።»

«እሺ። ሳይንስ ሲጠግብ ይመልስልኝ።»

የሚወነጨፈው የጠመኔ ቁራጭ ነው፤ ማረፊያው ባዶ ጣሳ። ጠመኔው ጣሳው ውስጥ ሲገባ ቂው ይላል፤ ክፍሉ ሁሉ ይሰማዋል። ሐሳቡ ይህ ነበር። ጠመኔው ግን አንዴ አልጋ ሥር ይገባል፤ አንዴ ሾርባው ጋ ይደርሳል፤ አንዴ ወደ ኋላ ዞሮ ግንባሩን ይለዋል። ሳምንቱን ሙሉ ሚስቱ ከሥራ ስትገባ ቤቱ ጠመኔ ለብሶ ይጠብቃታል። እሱ በጉልበቱ ተንበርክኮ ይስባል፣ ይለቃል፣ ጠመኔውን ይፈልጋል፣ እንደገና ይስባል። በልቡ የሚታየው ሌላ ነገር አልነበረም፤ ምክትሏ ከኋላ ተቀምጣ፣ ጣሳው ጸጥ ብሎ።

«አንቺ እስቲ ተኩሺው፣ እጄ ተንቀጠቀጠ» አላት አንድ ምሽት።

«ቀኑን ሙሉ ስተኩስ ነው የዋልኩት፤ ይሄን አንተው ተኩስ» አለችና እግሯን ዘረጋች።

በዋዜማው ምሽት፣ ጠመኔው በቤቱ አየር ላይ እንደ ቀስተ ደመና ጎብጦ አለፈና ጣሳው ውስጥ ገባ። ቂው። ሚስቱ ፈገግ ብላ ልታጨበጭብ እጇን ስታነሣ፣ «እንዳትንቀሳቀሺ» አላት። «አንቺም ባለሽበት ቁሚ። ጣሳውም ባለበት ይሁን።» የጣሳውን ርቀት በገመድ ለካ። ማንኪያውን እስከዚያው ልክ፣ በፀጉር ሳያልፍና ሳያጎድል፣ መልሶ ሳበው። ከዚያ ደግሞ እንዳያጣው ፈራ። ነገ ክፍል ውስጥ እጁ ሲንቀጠቀጥ ይህን ልክ ከየት ያመጣዋል? እስከ አፉ እንደሞላ ሲኒ ጥንቅቅ ያለውን ነገር እንዴት አድርጎ እስከ ነገ ያቆየዋል?

በክር አሰረው። ማንኪያው ወደ ኋላ እንደተሳበ፣ ላስቲኩ እንደተወጠረ፣ ሁለት ጊዜ ቋጥሮ አሰረውና ካርቶን ውስጥ አስቀመጠው። ውጭው ዝናብ ዝናብ ስለሚል እንጨቱ እርጥበት እንዳይጠጣ ብሎ ካርቶኑን ከምድጃው አጠገብ አደረገው። ያን ጊዜ ብቻ ትንሽ ልቡ መለስ አለ። ነገ ክሩን መቁረጥ ብቻ ነው የሚቀረው፤ እንደ ቃላቱ ሁሉ መወንጨፊያውም ተቀድቶ ተቀምጧል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ አቅፎ ተቀመጠ። መንገድ ላይ አንድ ጉድጓድ ላስቲኩን ቢያስለቅቀው ያለቀለት ነው። አውቶቡሱ ባነጠሰ ቁጥር እስትንፋሱን ይይዛል። ከጎኑ የጎመን ዘንቢል የያዙ አሮጊት ነበሩ።

«እንቁላል ነው ልጄ?»

«አይደለም እማማ።»

«ታዲያ ምን ይሆን እንዲህ ያሳቀፈህ?»

«መወንጨፊያ ነው።»

አሮጊቷ ካርቶኑን አዩት፤ እሱን አዩት። «ባዶ ነው?»

«የለም፣ ተስቧል።»

ዘንቢላቸውን አንሥተው፣ «በሰላም ያድርስህ» ብለው ሌላ ወንበር ፈለጉ።

ክፍል ሲገባ ምክትሏ ቀድማ ከኋላ ተቀምጣለች። ካርቶኑን ሲከፍት ልጆቹ አንገታቸውን አሰገጉ። መወንጨፊያው እንደታሰረ ነው፤ ማንኪያው እንደተኛ፣ ቋጠሮው እንዳለ። ጣሳውን በለካው ገመድ ልክ አስቀመጠና ጀመረ። ቃላቱ እንደ ሁልጊዜው መጡ። ጉልበት አይፈጠርም፤ ጉልበት አይጠፋም፤ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ይለወጣል እንጂ። ቀልዱ መጣ፤ «ስድስተኛ» ላይ ተሳቀ፤ ጠብቆ ጨረሰው። ዓይኑ ሳያስበው ወደ ኋላ ሲሄድ የምክትሏ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየ። አብራው እየተናገረች ነበር፤ ራሷም አላወቀችውም።

«አሁን፣» አለ፣ «በዚህ ላስቲክ ውስጥ የታመቀውን ጉልበት ነጻ እናደርገዋለን።» ጠመኔውን ማንኪያው ላይ አስቀመጠና ክሩን በምላጭ ቆረጠ።

ማንኪያው እንደ በሽተኛ ከተኛበት ቀስ ብሎ ቀና አለ። መንገድ ላይ ትንሽ አሰበ። ጠመኔው ከማንኪያው ተንሸራቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ተንከባልሎ፣ ከጫፉ ወድቆ የጫማው አፍንጫ ላይ ቆመ።

የከፋው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የሚቀጥለው ቃል ተዘጋጅቶ ቆሞ ነበርና፣ መዝለል የማይችለው አፉ ተናገረው።

«አያችሁ ልጆች፤ ጠመኔው ተወንጭፎ ጣሳው ውስጥ ገባ።»

ከዚያ ክፍሉ ፈረሰ። ሳቁ መስኮቱን አንቀጠቀጠው፤ አንዱ ልጅ ዴስኩ ሥር ገብቶ ይስቃል። ሳቁ ቀዝቀዝ ሲል፣ ከመካከል ያለው፣ በነገር አዋቂነቱ «ጠበቃው» የሚሉት ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ጣሳው እዚያ ነው። ጠመኔው እግርዎ ሥር ነው።»

«አዎ» አለ።

«ጉልበት አይጠፋም ብለውናል። ታዲያ ይሄኛው የት ሄደ?»

ይህ ጥያቄ ሚስቱ እጇን ከምታወጣባቸው ቦታዎች በአንዱም አልነበረም። እግሩ ራሱ አዞረውና ሰሌዳው ፊት ቆመ፤ እጁም ዳስተሩን ፈለገ። ሰሌዳው ንጹሕ ነው። ከኋላው ዝምታ መጣ። ቀጥሎ ሹክሹክታ። ሳቁ ቀጥሎ እንደሚመጣ ያውቃል፤ በወጣትነቱ ቅደም ተከተሉን ተምሮታል። ከደረጃው ሥር ያለችው የመስኮት ቀዳዳ ታየችው።

ዳስተሩን ፍለጋ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው እጁ ግን ያገኘው ዳስተር ሳይሆን ላስቲኩን ነበር። ሳያስበው በሁለት ጣቱ ያዘው፤ ጫን አደረገው። ልፍስፍስ ብሏል። ትናንት እንደ ጅማት ጠንካራ ነበር፤ አሁን ረዝሞ፣ ላልቶ፣ እንደ ታጠበ ካልሲ አፍ ተንዘላዝሏል። ጣቱ ላስቲኩ ላይ እንዳለ ቆመ። ይሄን ነገር ያውቀዋል። መጽሐፍ ላይ አንብቦታል፤ ለማንም ግን ተናግሮት አያውቅም።

ዞረ።

«ትናንት ነው የሳብኩት» አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ዛሬ አይደለም። ትናንት ማታ ስቤ አሰርኩትና አሳደርኩት። ያውም ከእሳት አጠገብ። ላስቲክ ተወጥሮ ሲያድር፣ ደግሞ ሙቀት ሲያገኘው፣ ውስጡ ቀስ በቀስ ይለቃል። ጉልበቱ አልጠፋም። ሌሊቱን እዚያው ሲያንጠባጥብ አደረ፤ ሙቀት ሆኖ ወጣ፣ ላስቲኩንም አረዘመው። ለጠመኔው የተረፈው ይሄ ያያችሁት ነው።»

«ለምን ትናንት ይስቡታል?» አለ ጠበቃው። አሁን ግን የምር ነው የጠየቀው።

«ፈርቼ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ከኋላ የምክትሏ ከንፈር ቆሟል፤ ከዚህ በኋላ ያለውን አታውቀውምና።

«አሁንስ?» አለች ከፊት ያለች አንዲት ልጅ። መልስ ሳትጠብቅ ፀጉሯን ያሰረችበትን ላስቲክ ፈትታ ዘረጋችለት። «አዲስ ነው ቲቸር። ትናንት ነው የተገዛው፤ አልተወጠረም።»

ተቀበላት። የሞተውን ላስቲክ ፈቶ የፀጉሩን አሰረ። ምን ያህል ይሳብ? ልኩን ያመጣው በሌላ ላስቲክ፣ በሌላ ቤት ነው። «ምን ያህል ልሳበው? አላውቅም» አለ። ይህን ቃል ክፍል ውስጥ ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ልጆቹ ዴስካቸውን ጥለው ከበቡት። አንዱ ግማሽ ይበቃል ይላል፤ ጠበቃው እስከ መጨረሻ ካልተሳበ ይግባኝ እላለሁ ይላል። እስከ መጨረሻ ተሳበ።

ጠመኔው ጣሳውን እንደማያውቀው አልፎት፣ ዴስኮቹን ሁሉ ተሻግሮ ከምክትሏ ራስ በላይ ግድግዳው ላይ ፈነዳ። ነጭ ዱቄት ትከሻዋ ላይ ወረደ።

ምክትሏ ትከሻዋን አየችው፤ አራገፈችው፤ ግድግዳው ላይ የቀረውን ነጭ ነጥብ ዞራ ተመለከተችው።

«ትንሽ ቀነስ አድርጉት እንጂ» አለች።

ቀነሱት፤ አነሰ። ጨመሩት፤ በዛ። በግማሽ ከተሳበ በግማሽ ርቀት ይወድቃል ያለው ልጅ ተሳሳተ፤ ለምን እንደተሳሳተ ሊከራከሩ ሲጀምሩ ደወሉ ተደወለ። ጠመኔው ጣሳው ውስጥ አልገባም። ሰሌዳው ላይ አንዲት ቃል አልተጻፈም። ለሚስቱ ያስተማረው የትምህርቱ ግማሽ ገና ሆዱ ውስጥ ነበር፤ ሳይነገር የቀረ ቃል ሲኖረው ይህም የመጀመሪያው ነው።

ምክትሏ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችው።

«የዛሬው ትምህርት አላለቀም መምህር።»

«አላለቀም።»

«ጠመኔውም አልገባም።»

«አልገባም።»

«ንብረት ክፍሉ ለጊዜው ይቆይ።»

«ለጊዜው» የምትለዋን ቃል የጂኦግራፊ መምህሩም ሰምቷት ነበር። ሊያመሰግናት ይሁን ሊለምናት ሳያውቅ ቆመ።

«እንደገና መጥቼ አያለሁ» አለች። «ቀኑን ግን አልነግርዎትም። ነገ ሊሆን ይችላል፤ የዛሬ ወርም ሊሆን ይችላል። ቤትዎ ሳይለማመዱ የገቡበትን ትምህርት ማየት ነው የምፈልገው። ተለማምደው ከመጡ አውቀዋለሁ፤ ከንፈሬ ይነግረኛል።» ከዚያ እንደ ድሮዋ ልጅ ጥፍሯን ወደ አፏ ልታደርግ ብላ መለሰችው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

በአውቶቡሱ ሲመለስ ካርቶኑ ቀሎታል፤ ደረቱ ግን ከጠዋቱ ይልቅ ተወጥሯል። የጠዋቱ ፍርሃት ቀን ነበረው። ይሄኛው ቀን የለውም።

ሚስቱ ቀድማ ገብታ ወንበሯን ከቁም ሳጥኑ ፊት ለፊት አድርጋ ተቀምጣለች። ጫማዋን አውልቃለች። የቁም ሳጥኑ በር በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጓል። ፊቱን አየችና አልጠየቀችውም፤ እሱ ራሱ ሁሉንም ነገራት። ጠመኔው እግሩ ሥር ሲወድቅ «ጣሳው ውስጥ ገባ» ማለቱ ጋ ሲደርስ አፏን በእጇ ከደነች። ምክትሏ ኮሪደር ላይ ያለችውን ሲነግራት እጇን ከአፏ ቀስ ብላ አወረደች።

«እንግዲህ አልለማመድም ማለት ነው» አለ።

«ደግ» አለች። «ንብረት ክፍል ከመግባት ይሻላል።»

«ይሻላል።»

ተነሥታ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ልትመልስ ጀመረች። መንገድ ላይ የወንበሩን መደገፊያ እንደያዘች ቆመች።

«የሚቀጥለው ምዕራፍ ግን ሙቀት ነበር አይደል?» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው። «እኔ ፈተና የለብኝም፤ ማንም መጥቶ አያየኝም። ብቻ እዚያ ጋ ስንደርስ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ካውያ የያዘ ሰው ያውቀዋል። ... ግድ የለም። ሾርባው ይሞቅ?»

ያን ጊዜ ካሴት ቀን ሙሉ ያልገባው ነገር ገባው። እሱ ቃላቱን እንዳያጣ ሲል አንድ ሰው በየምሽቱ ትምህርት ቤት ሲሄድ ኖሯል። የሚናገረው ነገር ፈለገ። የተዘጋጀ ምንም አልነበረም። ፍርሃቱ ክፍል ውስጥ እንደያዘው እዚህም ያዘው፤ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ሚስቱ ፊት።

ኪሱ ውስጥ የላላውን የካላማዳሪያ ላስቲክ አገኘ።

«ተቀመጪ እስቲ» አላት።

«አትለማመድም አላልክም እንዴ?»

«ይሄ ልምምድ አይደለም። ምን እንደምል ገና አላውቅም።» ላስቲኩን ሰጣት። «ከንፈርሽ ላይ አስነኪና ቶሎ ሳቢው። ምን እንደሚሰማሽ ንገሪኝ።»

በጥርጣሬ አየችው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ላስቲኩን በሁለት እጇ ይዛ ላይኛው ከንፈሯ ላይ አደረገችና ሳበችው።

«ሞቀ» አለች። ዓይኗ ተከፈተ። «እሳት ሳይነካው። ለምን ሞቀ?»

ይህን «ለምን» እዚህ ቦታ ላይ እንድትል ማንም አልነገራትም ነበር።

«ቆይ» አለ፤ ጠመኔ አንሥቶ ወደ ቁም ሳጥኑ ዞረ። ዞሮ ንጹሑ በር ፊት ቆመ፤ እጁ አየር ላይ ቆየ። ከኋላው ዝምታ ነበር። ከምድጃው በኩል የሾርባው ክዳን ይንጫጫል። ምክትሏ ነገ ትመጣ ይሆናል፤ ላትመጣም ትችላለች።

«ልሳበው እንደገና?» አለች ሚስቱ።

«ሳቢው» አለ፣ ሳይዞር። «ገና እያሰብኩ ነው።»